የማይበቃው ጠርሙስ

የቤተ ሙከራው ሠራተኛ የሰማውን አንዱን አሥር ካላደረገ ምግብ አይፈጭለትም፤ ቀደዳው ይሉታል። ታናሽ ወንድሙ በካንሰር ከሞተ በኋላ ሐኪሞቹ ከእብጠቱ የቆረጡትን ቁራጭ በጠፍጣፋ ጠርሙስ የሚያሳድገው እሱው ነበር፤ ለምርምር ነው ተብሎ። በየሁለት ቀኑ ሴሎቹ የሚመገቡትን ያረጀ ቀይ ፈሳሽ መጥጦ ያወጣል፣ አዲስ ቀለብ ያፈስላቸዋል። ጤነኛ ሴል ጎረቤቱን ሲነካ ይሉኝታ ይይዘውና መከፈሉን ይተዋል፤ ቀኑ ሲደርስም ሳይጨቃጨቅ ይሞታል። እነዚህ ግን ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባቸውም፤ ቦታ ሲጠባቸው አንዱ አንዱ ትከሻ ላይ ይወጣል።

እናቱ ከቀብሩ በኋላ እህል አልቀምስ ስትል የለመደ አፉ አመለጠው።

«እማ፣ ከልጅሽ ልብ ቁራጭ እኔ ጋ አለ። ይመታል! ትላንትማ ባስነጥስ ‹ይማርህ› አለኝ።»

ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ አንድ አጎረሳት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አንድ ውሸት፣ አንድ ጉርሻ ሆነ፤ ጉንጯም መለስ አለ።

አንድ ሐሙስ ግን ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆማ አገኛት።

«አሳየኝ።»

«ተኝቷል፣ እማ።»

«ቀስቅሰዋ! እናቱ መጣች በለው።»

ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለች። ብዙ ቆየች።

«የታል የሚመታው? ይሄኛው ደሞ ወገቡ ቀጥኗል።»

«ለሁለት ሊከፈል ነው።»

«ከዚያስ?»

«ሁለቱም ይከፈላሉ።»

«መቼ ይበቃቸዋል?»

ሺህ ውሸት የሚያውቀው ሰውዬ አንድ አጣ።

«አይበቃቸውም። ልብ አይደለም፣ እማ። እብጠቱ ነው።»

«ልጄን የበላው?»

«እሱው።»

«እና ትቀልበዋለህ?»

«ልተወው ብዬ ነበር። በሳምንት ያልቅለታል። እጄ እምቢ አለኝ... ከሱ የቀረ ነፍስ ያለው ነገር ይሄ ብቻ ነው።»

ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ማታ ሳህኑን ይዞ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እማ፣ ዛሬ እኮ አንድ ጉድ...»

«ተወኝ፣ ቀደዳው» አለችው። በዚያ ስም ጠርታው አታውቅም ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጉርሻው እጁ ላይ ቀዘቀዘ።

ጠዋት ሥራ ሲገባ ጠርሙሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ጠበቀው። ሌላ ጠርሙስ አወጣና ሴሎቹን ለሁለት ከፈላቸው።