የታማኙ ሰው ባሮች

ሙሴ ባርዶን ዋሽንግተን ላለው የሰሜን መንግሥት ታማኝ ሊሆን እጁን አንስቶ የማለ ዕለት፣ ከእሱ ይልቅ ደስ ያላቸው ባሮቹ ነበሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዩርሲን፤ መሐላው እንዲታመንለት ያደረገው እሱ ነበርና።

ዩርሲን የእርሻው ስኳር አብሳይ ነው። የሸንኮራው ጭማቂ በትልልቆቹ የብረት ድስቶች ውስጥ እየተንተከተከ ሲወፍር፣ ከእሳት የሚወርድበትን ቅጽበት በዓይኑ ብቻ ይለያል። በጥቅምት የሰሜን ወታደሮች ወንዙን ተከትለው መጡ ሲባል ሙሴ ባርዶን ጫካ ገባ። ሰሜኑን የሚወጉት የደቡብ አማፂዎች ባንዲራ ስኳር ቤቱ ጣሪያ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ዩርሲን ወጥቶ አወረደውና ምድጃው ውስጥ ከተተው። አንድ መኮንን ሲደርስ፣ «ጌታችን ዱሮም የእናንተው ሰው ነው» አለው። የጌታው ወንድ ልጅ የት እንዳለ ሲጠየቅም፣ «ለትምህርት ባሕር ተሻግሯል» ብሎ መለሰ። ልጁ በዚያች ሰዓት ከአማፂዎቹ ፈረሰኞች ጋር ነበር። መኮንኑ ቃሉን ጻፈው፤ ሙሴ ባርዶንም ከጫካ ወጥቶ ማለ።

ዩርሲን ይህን ያደረገው ለጌታው አዝኖ አይደለም። የሰሜን ሰዎች ባሪያ ይፈታሉ ይባላል፤ እንግዲያው የወዳጃቸውን ሰዎች ከማንም አስቀድመው ይፈታሉ ብሎ አሰበ። ማንም በእሱ ቦታ ቢሆን እንዲሁ ያስብ ነበር።

ጥር ላይ አዋጁ መጣ። በአማፂ ግዛት ያለ ባሪያ ሁሉ ነፃ ወጥቷል ይላል። አለፍ ብሎ አዋጁ የማይነካቸው አውራጃዎች ተዘርዝረዋል፤ በሰሜኑ ጦር እጅ ያሉት፣ ጌቶቻቸው ለሰሜኑ የማሉት። የሙሴ ባርዶን አውራጃ ከዝርዝሩ ውስጥ ነው። የግማሽ ቀን መንገድ የምትርቀው አይበርቪል አውራጃ ግን የለችበትም።

የአይበርቪሉ ኦኖሬ ነፃ ወጥቶ ለጦሩ ጋሪ ይነዳ ጀመር። ዩርሲንን መንገድ ላይ ሲያገኘው በቅሎዎቹን አቆመ።

«እንደምን አደርክ፣ የታማኙ ሰው ባሪያ!»

«ተው አንተ ሰው፣ አትቀልድብኝ።»

«ምን ላድርግ? የኔ ጌታ ሰሜኖችን ሲራገም ኖሮ፣ እግዜር ይስጠውና ነፃ አወጣኝ። ያንተው ጨዋ ሆነና አሰረህ።»

«እኛ ምን በደልን?»

«እኛ ማን ነንና እንበድላለን? ጠቡ የነሱ ነው። የጠላታቸውን ክንድ ለመቁረጥ እኔን ፈቱኝ፤ ወዳጃቸው እንዳይቀየም አንተን ተዉህ።» ኦኖሬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ስማ፣ ሌላም ሕግ አለ። ጌታው አማፂ መሆኑ ከተመሰከረ፣ ሸሽቶ ምሽጋቸው የገባ ባሪያ ነፃ ነው አሉ።»

ዩርሲን ነገሩን በሆዱ ይዞ ከረመ። ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ሲል ግን ሙሴ ባርዶን ከፋሲካ በኋላ ለምትዳረው የእህቱ ልጅ ስጦታ መረጠ። የመረጠው የዩርሲንን ልጅ ክሌሊን ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር።

የዩርሲን ሚስት ዙልሜ አላለቀሰችም። «በአፍህ ያሰርከውን በአፍህ ፍታው» አለችው።

እሑድ ጠዋት ሦስቱም ተነስተው በወንዙ ዳር ወዳለው ምሽግ ሄዱ። እናትና ልጅ ከኦኖሬ ጋሪ ዘንድ ቀሩ። ዩርሲን ብቻውን ገባ።

የምሽጉ ሻምበል፣ ጌታዬ አማፂ ነው ሲል ሰምቶት ሲያበቃ ከሣጥን ወረቀት አወጣ። «ጥቅምት ላይ ታማኝ ነው ብለሃል።»

«ዋሽቼ ነው ጌታዬ።»

«ዛሬስ እንዳልዋሸህ በምን አውቃለሁ?»

«ልጁ ከአማፂዎቹ ጋር ነው። አገሩ ሁሉ ያውቃል።»

«እኔም አውቃለሁ» አለ ሻምበሉ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። «ባርዶን ለጦሩ ስኳርና በቅሎ ያቀርባል። ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ያስማለልንም እሱ ነው። ዛሬ እሱን አማፂ ብዬ ብጽፍ፣ ነገ የማለው ሁሉ ይከዳል። ዋሽንግተን ያሉት ያንተ እውነት አያስፈልጋቸውም።»

«ታዲያ ምንድነው የሚያስፈልጋቸው?»

ሻምበሉ የዩርሲንን ትከሻ ከላይ እስከ ታች አየው። «ወታደር።»

ዩርሲን ብዙ አላሰበም። «ሚስቴና ልጄ አብረውኝ ከገቡ እገባለሁ።»

«ልብስ አጣቢ እንፈልጋለን። ይግቡ።»

«ነፃ ናቸው ማለት ነው?»

«ነፃ ናቸው አልልህም። የጦሩ ናቸው። ባርዶን ግን ከዚህ በር አያልፍም።»

«ይጻፍልኝ።»

መጻፍ ለማይችል ሰው የጦሩ ጸሐፊ ራሱ በፊርማው ቦታ የመስቀል ምልክት ያደርግለታል፤ ሰውየው የብዕሩን ጫፍ በጣቱ ከነካ ፈረመ ይባላል። ጸሐፊው ጽፎ ሲጨርስ፣ «ዩርሲን፣ ሚስቱ ዙልሜ፣ ልጁ ክሌሊ» ብሎ አነበበና ብዕሩን ዘረጋለት። ዩርሲን ሁለት እጁን ወደ ኋላው አደረገ።

«ሌላ ሰው ያንብብልኝ።»

«አታምነኝም እንዴ?»

«አምንሃለሁ። ሌላ ሰው ያንብብልኝ።»

በር ላይ የቆመው ዘብ ተጠራ። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ይዞ፣ «ዩርሲን፣ ወታደር። ዙልሜ፣ አጣቢ» አለና ወረቀቱን ዝቅ አደረገ።

«ከዚያስ?»

«አለቀ።»

ጸሐፊው ፊቱ ቀላ። «ለሕፃን ቀለብ አይፈቀድም! አጣቢ ለመሆን አሥራ አምስት መሙላት አለባት። ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ አምስት» አለ ዩርሲን።

ጸሐፊው ሻምበሉን አየ። ሻምበሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። የክሌሊ ስም ተጻፈ፤ ዘቡ እንደገና አነበበው። ያኔ ዩርሲን ጣቱን ዘርግቶ ብዕሩን ነካ።

ጠመንጃ አልሰጡትም፤ አካፋ ሰጥተው ከሌሎቹ ጋር ቦይ አስቆፈሩት። ማክሰኞ ሙሴ ባርዶን በሠረገላ መጣ። መሐላው የተጻፈበትን ወረቀት እያሳየ ከዘቦቹ ጋር ረጅም ተከራከረ። ክሌሊ ከትልቁ የልብስ ገንዳ ኋላ ቁጢጥ ብላ ነበር። ሠረገላው ተመልሶ የመንኮራኩሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ የወታደር ሸሚዝ ማሸቷን አላቆመችም፤ ቀናም አላለች።