ሲንኩን የሰበርኩት እኔ ነኝ

የደንበኛ ቁጥሩን ካነበብኩላት በኋላ በስልኩ ማዶ ያለችው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና በደስታ ድምፅ «እሺ ወይዘሮ ፎልከርትስ፣ ጉዳቱ እንዴት ደረሰ?» አለችኝ።

ቁጥሩን የተሳሳትኩ መሰለኝ። ቀስ ብዬ እንደገና አነበብኩላት። ልክ ነው አለችኝ።

«ወይዘሮ ስቬንያ ፎልከርትስ አይደሉም እንዴ?»

«አይደለሁም። ሜርሌ ብሩንስ እባላለሁ።»

«ይቅርታ። ታዲያ እርስዎ ለቤቱ ምንድን ነዎት?»

ስልክ ማውራት ስለማልወድ ከመደወሌ በፊት የምናገረውን በሙሉ በወረቀት ጽፌ ነበር። ይህ ጥያቄ ግን ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ሴትየዋ በትሕትና አስረዳችኝ። በውሉ ላይ ከፍቅረኛዬ ከቲልማን ሌላ የተመዘገበች አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ አብራው የምትኖር የፍቅር ጓደኛው ስቬንያ ፎልከርትስ። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ከሁለቱ አንዳቸው በሌላ ሰው ንብረት ላይ ላደረሱት ጉዳት ነው። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁ።

አደጋው የደረሰው ሰኞ ጠዋት ነበር። ወደ ሥራ ልሄድ ስል የሽቶ ጠርሙሴን ከመታጠቢያ ቤቱ ሳጥን ሳወጣ ከእጄ አመለጠኝ። ጠርሙሱ ምንም አልሆነም፤ የእጅ መታጠቢያ ሲንኩ ግን ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ተሰነጠቀ። ማክሰኞ ዕለት የማሞቂያውን ቆጣሪ ሊያነብ ከመጣው ሰውዬ ጋር አከራያችን ወይዘሮ ኦልትማንስ ገቡና ስንጥቁን አዩት። ቁጣ የለ፣ ምን የለ። ተከራይ የሰበረውን ተከራይ ያሠራል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ይሠራ ብለው ወደ ታች ወረዱ። ቲልማን ያን ቀን ማታ ሳቀብኝ። «ምን ያስጨንቅሻል፣ ለዚሁ አይደል ኢንሹራንስ ያለን?» አለኝ። «ያለን» ማለቱ ልቤን ሞቅ አደረገው። በማግስቱ የደወልኩት በዚያ ሙቀት ነው።

ቲልማን ከሥራ ሲመለስ ነገርኩት። መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ግንባሩን በመዳፉ መታ። ከስቬንያ ጋር ስንለያይ ስሟን ማስወጣቱን ረስቼው ነው አለ። ክፍያው በየዓመቱ ጥር ላይ ከባንክ ሒሳቡ በራሱ ጊዜ ይቆረጣል፤ ደብዳቤ ይመጣል፤ ደብዳቤውን አይከፍተውም። እውነቱን ነው። ቲልማን ውሸታም ሰው አይደለም፤ ፖስታ የማይከፍት ሰው ነው። ይህን አውቃለሁ። ማወቄ ግን ምንም አልረዳኝም።

እኔ እዚህ ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጋረጃውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጉንፋን ሲይዘው ሾርባ የምሠራለት እኔ ነኝ። እናቱ የምትደውለው ለእኔ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ግን የሆነ ቦታ፣ የሆነ ቢሮ ውስጥ፣ የዚህ ቤት ሴት ስቬንያ ነበረች። እኔ አልጋው ላይ ስተኛ እሷ ወረቀቱ ላይ ተኝታ ነበር። ስቬንያን ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የጓደኛችን ልደት ላይ። ረጅም ናት፤ ስትስቅ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ትጥላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስታወት ፊት ቆሜ እንደሷ ለመሳቅ መሞከሬን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ቲልማን መፍትሔ አገኘ። እሷን እንጠይቃት አለ። ቅዳሜ መጥታ ቅጹን ትሙላ፤ ሲንኩን የሰበርኩት እኔ ነኝ ትበል። ስሟ አሁንም ውሉ ላይ ስላለ ማንም አይጠይቅም። ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ የሥራ ባልደረባው የወንድሙን ቴሌቪዥን ሳይሰብር ሰበርኩ ብሎ ፈርሟል። ውሸት እኮ ነው አልኩት። ትንሽ ውሸት ናት አለኝ። እኔን የጨነቀኝ የውሸቱ መጠን አልነበረም፤ ምን እንደሆነ ግን በቃል ማስቀመጥ አልቻልኩም። እሺ አልኩ።

ስቬንያ ቅዳሜ በሻይ ሰዓት የቅቤ ኬክ ይዛ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ሳትጠይቅ ወደ ኩሽና ገባች። ሳህን የት እንዳለ ላሳያት ስነሳ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ሦስት ሳህን አውጥታ ነበር። ከዚያ መጋረጃውን አየችና «ውይ፣ ቤቱን ብርሃን ሞላችሁት» አለች። ከልቧ ነው ያለችው። ክፉ ብትሆን ደስ ባለኝ።

ያላየሁትን ነገር ሰበርኩ አልልም ብላ መጀመሪያ መታጠቢያ ቤት ገባች። ተከትለናት ገባን። ስንጥቁን በጣቷ ተከተለችው፤ «ጉድ ነው፣ ጠርሙሱን በምን ኃይል ነው የጣልኩት?» አለች። ቲልማን ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሁለቱ ትንሽ ዘግይቼ።

ጠረጴዛው ላይ ቅጹን ዘረጉት። እኔ ሻይ ቀዳሁ። ጉዳቱ የደረሰበት ቀን፣ ሰኞ። ሰዓት?

«ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በይ» አላት ቲልማን። ወዲያው ራሱን ነቀነቀ። «ኧረ ማን ያምነናል፣ አንቺ በአንድ ሰዓት ተነስተሽ ታውቂያለሽ?»

«ቀልደኛ» አለችው። «ሁለት ሰዓት ተኩል ላድርገው። ፀጉሬ ገና እርጥብ ነበር ብዬ ልጨምርበት።»

«አንቺና ፎጣሽ። ወለሉን ሁሉ ታረጥቢው ነበር።»

ሌላ ምንም አላሉም። አልተያዩም፤ አልተነካኩም። ስቬንያ ግን እርጥብ ፀጉሯን ይዛ፣ በሰኞ ጠዋት፣ የእኔ ሲንክ ፊት ቆማ ታየችኝ። ያን ጠዋት እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝ። የደነገጥኩት እኔ ነኝ፤ ጠርሙሱን ከሲንኩ ያነሳሁት እኔ ነኝ። አሁን ያቺን ጠዋት ከእኔ ወስደው ለእሷ እየሰጧት ነው፤ እኔ ደግሞ ሻይ እየቀዳሁላቸው።

ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ነበር። ጉዳቱን ያደረሰው ሰው ከውሉ ባለቤት ጋር በአንድ ቤት ነው የሚኖረው? ሁለት ሣጥን አለው፤ አዎ፣ አይደለም። ስቬንያ ብዕሩን «አዎ» ላይ አደረገች።

«ቆይ» አልኩ።

ሁለቱም ቀና አሉ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጥቶ ነበር።

«የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

«እሱንማ እናውቃለን» አለ ቲልማን። «ሜርሌ፣ ወረቀት እኮ ነው።»

«እዚህ የምኖረውም እኔ ነኝ።»

«ማን አትኖሪም አለሽ? ለአንድ ሲንክ ብለሽ ልጅ አትሁኚ። ይህ ገንዘብ ዝም ብሎ የሚጣል...»

«ዝም በል ቲልማን» አለች ስቬንያ፤ ቀስ ብላ። «ልክ ናት።»

ቲልማን ዝም አለ። እሷ ዝም በል ስትለው ዝም አለ። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ዝም አሰኝቼው አላውቅም። ስለቆመችልኝ ላመሰግናት ይገባ ነበር፤ አላመሰገንኳትም። ቅጹን ከፊቷ ወስጄ አጣጥፌ የሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና ደረጃውን ወረድኩ።

ወይዘሮ ኦልትማንስ ታች ቤታቸው ውስጥ ሬዲዮ እያዳመጡ ድንች ይልጡ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ሲንኩን የሰበርኩት እኔ እንደሆንኩና ዕዳውም የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ግቢ አሉኝ፤ አልገባሁም። የኪራይ ውሉ የቲልማን ስለሆነ ሒሳቡን የሚልኩት ለእሱ መሆኑን አስረዱኝ።

«በእኔ ስም ይጻፉልኝ» አልኳቸው።

«ተጣላችሁ እንዴ?»

«አልተጣላንም።»

ድንቹንና ቢላውን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አድርገው ከመሳቢያ አንድ አሮጌ ደብተር አወጡና ገጾቹን ገለጡ። ሲንኩ የገባው ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ነው። «ስሚ ልጄ፣ ዕድሜው ካንቺ አያንስም» አሉኝ። «አሮጌ ሰብረሽ አዲስ አላስከፍልሽም። የሠራተኛውን ዋጋ ግማሽ ክፈዪ፤ ሲንኩን እኔ እገዛለሁ።»

አመሰገንኳቸው። ልሄድ ስል ደረጃውን በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«ያቺ የፊተኛዋ ልጅ ደረጃውን የማጽዳት ተራዋ ሲደርስ የበር ምንጣፉን አንስታ ከሥሩ ትጠርግ ነበር። አንቺ ዙሪያውን ነው የምትጠርጊው።»

«ከእንግዲህ አነሳዋለሁ» አልኩ። ፊቴ እንደጋለ ይሰማኝ ነበር።

ወደ ላይ ስወጣ ስቬንያ ጫማዋን እያሰረች ነበር። የተረፈውን ኬክ ትታልን ሄደች። በር ላይ እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። ቲልማን የሳህኖቹን ፍርፋሪ እየጠረገ ነበር። እንዲህ እንደሚሰማሽ አላውቅም ነበር አለኝ። አልነገርኩህማ አልኩት። ሰኞ ደውሎ ስሟን እንደሚያስወጣ፣ የእኔን እንደሚያስገባ ነገረኝ። የእሷን አስወጣ፤ የእኔን እኔ ራሴ አስብበታለሁ አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ጠየቀኝ። እሷ በለቀቀችው ቦታ መግባት አልፈልግም ማለቱ አሳፈረኝና ሻዩን አሞቅሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ የቧንቧ ሠራተኛው መጣ። ከሥራ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ በር ከፈትኩለት። አሮጌውን ሲንክ በሁለት ቁራጭ ተሸክሞ አወረደው፤ አዲሱን ገጠመ፤ ውሃው እንደማይንጠባጠብ አሳየኝ። ሒሳቡ ከሳምንት በኋላ በሜርሌ ብሩንስ ስም ደረሰኝ፤ ከፈልኩት።