የአባዬ ኮትና የማሽን ክፍሉ ደወል

አባዬ ኮቱን የሚሰቅለው ሁልጊዜ የራውተሩ ካቢኔ በር ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ማንም የማይነካው መስቀያ አለ። እዚያ ስቀለው ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኛል። ቤትም እንደዚያው ነው፤ ተደጋግሞ ካልተጠራ ዞር አይልም፤ እኔም ኩራቱ ነው ብዬ በግኜ እተወዋለሁ። አባትና የሥራ ባልደረባ አንድ ሰው ሲሆን መከራ ነው።

ያን ዕለት ጠዋት፣ አባዬ ገና ኮቱን ሳይሰቅል፣ የካቢኔው በር ላይ ያለው ቢጫ መብራት በራ። ራውተሩ የከተማውን ስልክና ኢንተርኔት የሚያቀባብል፣ ካርዶቹ እንደ መሳቢያ የሚወጡና የሚገቡ ትልቅ ማሽን ነው። ቢጫ ማለት ማራገቢያው ታሟል ማለት ነው። ቀይ ከበራ ግን ካርዶቹ ግለዋል፤ አብሮትም ደወል ይጮኻል። አባዬ ማራገቢያውን ስቦ አወጣና አቧራውን ማራገፍ ጀመረ። ማሽኑ ያለ ማራገቢያ ብዙ እንደማይቆይ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። ደወሉ ከጮኸ፣ ቢጸዳም ባይጸዳም መልሺው ይለኝ ነበር። እኔ መለዋወጫ ላመጣ ወደ ስቶር ወረድኩ።

ስመለስ ደወሉ ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል። ሮጥኩ። አባዬ ጀርባውን ለካቢኔው ሰጥቶ፣ ነገር ዓለሙን ረስቶ፣ የማራገቢያውን ክንፎች በብሩሽ ያጸዳል፤ ያፏጫል። ኮቱ ሁለቱንም መብራቶች ሸፍኗቸዋል። ደሜ ፈላ። ማራገቢያውን ከእጁ ነጥቄ ቦታው መለስኩት፣ ደወሉንም ዘጋሁት፤ ግን አንዱ ካርድ ከሙቀቱ የተነሳ ራሱን አጥፍቶ ነበር። የአምቡላንስ ጥሪ የሚያልፈው በዚያ ነው። አውጥቼ መልሼ ሰካሁት። አረንጓዴው እስኪበራ ድረስ የሆነ ቤት ውስጥ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚጠብቅ ሰው ይታየኝ ነበር።

«ደወሉን አልሰማህም?» አልኩት።

ከንፈሬን አየና «አልጮኸማ» አለ፣ ምንም ሳይመስለው። «ተበላሽቷል ማለት ነው። ቆይ ላሳይሽ።»

ተነስቶ የደወሉን መሞከሪያ ተጫነ። ጩኸቱ ክፍሉን አናወጠው፤ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። አባዬ ጣቱን ሳያነሳ ወደ እኔ ዞረ።

«አየሽ? ሞቷል» አለኝ።

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

ስልኩ ጠራ። አባዬ ዞር አላለም። አለቃችን ነበር፤ የአምቡላንሱ መስመር ለምን እንደተቋረጠ፣ ደወሉ ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ ብል ነገሩ በአዲስ ደወል ያበቃል። አባዬ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ነው የቀረው፤ ከዚህ ክፍል ሌላ የሚወደው ቦታ የለውም። ነገ ግን ተረኛው እሱ ብቻውን ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ልመልስ አሰብኩ፤ ከዚያ ከንፈሬን እንዲያይ ወደ እሱ ዞርኩ።

«ደወሉ ደህና ነው» አልኩ ቀስ ብዬ። «የማይሰማው አባቴ ነው።»

አባዬ ኮቱን ከበሩ ላይ አወረደ። ክንዱ ላይ አጥፎ ይዞት ቆመ።

«የሰው ድምፅ እየራቀኝ እንደሄደ አውቅ ነበር» አለ። «ደወሉን ግን እሰማዋለሁ ብዬ ነበር።»