በሩ መሃል የቆመው አንቴና

«ትንሽ ወደ ግራ» ትላለች እማዬ ከሳሎን።

«የማን ግራ?» ይላል አባዬ ከጣሪያው ላይ።

«የቴሌቪዥኑ።»

«ቴሌቪዥን ደግሞ ምን ግራ አለው?»

እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ የሷን ለሱ፣ የሱን ለሷ አቀባብላለሁ። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል። አስር ሰዓት ላይ ታናሽ እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ትታያለች፤ የእግር ኳስ በረኛ ናት። ስታዲየሙ ሩቅ ነው፣ እማዬ ደግሞ እግሯ በጄሶ ታስሮ ሶፋ ላይ ከዋለች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ተሸክመን ጎረቤት እንውሰድሽ ብንላት «እኔ ጆንያ ነኝ እንዴ?» አለች። በስልክ እዩት እንዳትሉኝ፣ እኛ ጋ ኔትወርክ የሚገኘው ጫካውን ወጥቶ ዋናው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ያለን ቴሌቪዥኑ ነው፣ እሱ ደግሞ «ሲግናል የለም» ብሎ ድርቅ ብሏል።

በኛ መሃል ይቅርና ጥፋቱ የአባዬ ነው። ቤታችን ዙሪያውን ዛፍ ነው። አባዬ የድሮውን አንቴና መርጦ የገጠመው ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ፣ ዛፎቹ እርቃናቸውን በቆሙበት ሰሞን ነበር። ያኔ ምስሉ ኩልል ያለ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «በገዛ እጄ ነው የገጠምኩት» ሲል ከረመ። ከዛ ዝናቡ መጣ፣ ቅጠሉ ወጣ፣ ምስሉ ሄደ። አባዬ ግን ቅጠል እንዴት ያሸንፈኛል ብሎ ሁለት ወር ሙሉ የቴሌቪዥኑን ጎን በጥፊ ሲል ቆየ።

ዛሬ ጠዋት ቸግሮት ጋሽ ሲግናልን ጠራ። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ ዕድሜ ልካቸውን አንቴና ሲሰቅሉ ኖረው ስሙ እዛው ተለጠፈባቸው። ገና ከሞተራቸው ሳይወርዱ ጣሪያችን ላይ ያለችውን እንደ ሳህን ክብ የሆነች አንቴና አይተው ሳቁ።

«ይቺን ማነው የሸጠልህ?»

«ካርቶኑ ላይ ከሁሉም አቅጣጫ ትስባለች ይላል።»

«ትስባለች እንጂ። ካንዱ ዛፍ ነጥሮ የመጣውንም፣ ከሌላው ነጥሮ የመጣውንም ሰብስባ ታመጣልሃለች። አንተ የሚያስፈልግህ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያይ ነው» አሉና ግራና ቀኝ እንደ ዓሣ አጥንት ዘንግ ያወጣ ረጅም አንቴና ከሞተሩ ላይ ፈቱ። ከዛ «ጣሪያ ላይ ግን አልመክርህም» አሉት።

አባዬ ይሰማል? ከፍ ያለ ቦታ እያለ ማን ዝቅ ይላል ብሎ ራሱ ወጣ። እንግዲህ አሁን ያለነው እዚህ ላይ ነው።

«መጣ» አለች እማዬ። ነፋስ ሽው አለ። «ሄደ። ዜና የሚያነበው ሰውዬ አፉ እዚህ፣ ዓይኑ እዚያ ሆነ።»

ጋሽ ሲግናል ግንድ ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ቆይተው «ጨረስክ?» አሉት። «አየህ፣ ጣሪያህ ፊት ለፊት ያለው ቅጠል ነው። እርጥብ ቅጠል ሲግናል ይውጣል። ወይ ከዛፎቹ በላይ መውጣት አለብህ፣ ለሱ ሃያ ሜትር ብረት አምጣ። ወይ ዝቅ ብለህ በግንዶቹ መሃል ማሾለክ ነው።»

አባዬ ወረደ። እኔ የብረት ቱቦ ላይ የታሰረውን አንቴና ይዣለሁ፣ ጋሽ ሲግናል የሲግናል መለኪያቸውን ይዘዋል፣ አባዬ ኬብሉን ይጎትታል፤ ግቢውን እንደ ሰልፈኛ ዞርነው። ግድግዳው ጋ ሃያ። የልብስ ማስጫው ጋ ሠላሳ አንድ። ከጓሮ አሥራ ሁለት። እንዲህ እያልን የግቢው በር ጋ ስንደርስ መለኪያው ሰባ ስምንት አለ።

«እቺ ናት» አሉ ጋሽ ሲግናል። በበሩ አናት በኩል ዛፎቹ እንደ ኮሪደር ገለጥ ብለው ነበር።

«ይሄ እኮ በር ነው» አለ አባዬ። በራችን የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው፤ ብረቱ የቆመው ደግሞ ልክ በሩ በሚመጣበት ላይ።

«ግማሽ ሜትር ፈቀቅ ብናደርገውስ?»

ፈቀቅ አደረግነው፣ አሥራ ዘጠኝ። መለስነው፣ ሰባ ስምንት።

ከሳሎን «አሁን የሰውየውን ፂም መቁጠር እችላለሁ» የሚል ድምፅ መጣ። አበቃ። አባዬ ነገ በሩን ወደ ውጭ አዞረዋለሁ አለ፣ ለዛሬ ብረቱን ድንጋይ የሞላ ባልዲ ውስጥ አቆምነው፣ እንዳይነቃነቅ እኔ ያዝኩት። ጋሽ ሲግናልም መውጫ ስላጡ ገብተው ጨዋታውን ለማየት ተገደዱ። ብዙ የተከፉ አይመስሉም።

እኔ ጨዋታውን ያየሁት በእማዬ አፍ ነው። «ያዘችው። የኔ አንበሳ ያዘችው።» ከእረፍት በኋላ የእህቴ ቡድን አገባ። አንድ ለዜሮ። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው እማዬ «ወይኔ» አለች።

«ፍፁም ቅጣት ምት ሰጡባቸው» አለ አባዬ በመስኮት።

ይሄኔ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«ማነው ይለኛል ደግሞ። ክፈት እንጂ።»

አክስቴ ናቸው፣ የአባዬ ታላቅ እህት። እህቴ በረኛ ከሆነች ወዲህ «ሴት ልጅ መሬት ለመሬት ስትንከባለል አላይም» ብለው ሁለት ዓመት ደጃችንን አልረገጡም። እማዬ በሳቸው ነገር ስንቴ አልቅሳለች።

«አክስቴ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ይታገሡኝ፣ አንቴናው በሩ ላይ...»

«ምን አንቴና በር ላይ ይቆማል? እኔ ልጅቷን ከእናቷ ጋ ቁጭ ብዬ ልያት ብዬ ታክሲ ይዤ መጣሁ፣ አንተ በር ላይ ታቆመኛለህ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ገባኝ። አስቀይሜያችኋለሁ መሰለኝ። ሹፌር፣ ቆይ አትሂድ፣ መመለሴ ነው።»

«አክስቴ፣ በናትዎ፣ አንዴ...»

የመኪናው በር ሲከፈት ሰማሁ። ከሳሎን ደግሞ እማዬ «መቺዋ ኳሱን አስቀመጠች። አንተ ልጅ፣ እንዳትነቃነቅ» አለች።

አንድ እጄ ብረቱ ላይ ነው፣ አንዱ መቀርቀሪያው ላይ። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትለቁ ነበር?