የፊልትሮ ችሎት

ዳኛው ጡረታ እንደወጣ አንድ ጀልባ ገዛ። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያሳስር ስለኖረ፣ ቀሪ ዘመኑን ማንም በቀላሉ በማይደርስበት ቦታ ማሳለፍ ፈልጎ ነው። ስለ ሞተር የሚያውቀው ነገር ቢኖር ሲነሳ እንደሚጮህ፣ ሲጠፋ ደግሞ ባለቤቱ እንደምትጮህ ብቻ ነበር።

ያን ሰሞን ታዲያ በሐይቁ ላይ የጀልባ ሞተር በሽታ እንደገባበት ዶሮ ያልቅ ጀመር። ጠዋት በደህና የወጣ ጀልባ መሃል ሲደርስ ይንተፋተፍና ያስነጥሳል፤ ከዚያ ጸጥ። ባለጀልባዎቹ ግማሾቹ ናፍታው ነው አሉ፤ ግማሾቹ ናፍታውን የሚያጣራው ፊልትሮ ነው አሉ። ፊልትሮው ነው ያሉት እንደገና ለሁለት ተከፈሉ፤ ቀዩን የሚወቅሱና ሰማያዊውን የሚወቅሱ። ሰማያዊው በካርቶን ታሽጎ የሚመጣ፣ "ኦርጂናል" የሚባል፣ የባለጀልባዎች ማኅበር ሊቀመንበር በሱቁ የሚሸጠው ነው። ቀዩን የሚሸጠው ዋስትና ነበር።

ዋስትና የዳኛው ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። ይህ ስም የወጣለት ምንም ይሽጥ ምን "ዋስትና አለው" ስለሚል ሲሆን፣ ዋስትናው የሚጸናው ግን ገዢው ከሱቁ በር እስኪወጣ ድረስ ነበር። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ለገዛ እህቱ እንኳ መብራት ሲጠፋ ብቻ ልብስ የማያቃጥል ካውያ ሸጦላታል።

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ማኅበሩን ሰብስቦ፣ "የተማረ ዳኛ በመካከላችን እያለ ምን ያጣላናል? እሱ ይፍረደን" ሲል ሁሉም አጨበጨበ። ዳኛው ደስ አለው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የዳኘው ጉዳይ ሁለት ድመቶች የተጣሉበት የዓሣ ጭንቅላት ብቻ ነበር። እሺ ካለ በኋላ ነው ቀዩ ፊልትሮ የማን እንደሆነ ትዝ ያለው። ቀና ሲል ሊቀመንበሩ ጥርሱን እየጎረጎረ ፈገግ ብሎ ያየዋል።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ወሬውን ቀድማ ሰምታለች።

"ወንድሜ ላይ ልትፈርድ ነው አሉ።"

"በፊልትሮ ላይ ነው የምፈርደው።"

"ፊልትሮ ይሉኝታ የለው። የሚዋረደው ወንድሜ ነው።"

"እንደ ሕጉማ ከችሎቱ መነሳት ነበረብኝ፤ ዝምድና ስላለ…"

"ከችሎቱ ብትነሳም ባትነሳም ግድ የለኝም። ከዚህ ገበታ ግን ተነስተህ እንዳትቀር እፈራልሃለሁ" አለችና ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ የሚናገሩት በሮቹ ብቻ ሆኑ።

ችሎቱ የተሰየመው በወደቡ መካኒክ ጋራዥ ነው። መካኒኩ ስለ የትኛውም ፊልትሮ ቢጠየቅ "አንደኛ ነው" የሚል ሰው ነበር። እውነትም ጥሩ ከሆነ ደንበኛው ይመርቀዋል፤ ካልሆነ ደግሞ ሞተሩ ተጎትቶ ወደ እሱ ይመጣል። ዳኛው መነጽሩን አጥልቆ በተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀመጠ።

"ምስክር አልሰማም፤ ሰው ይዋሻል" አለና ወደ መካኒኩ ዞረ። "ተከሳሾቹን ክፈትልኝ።"

"ከቀዩ ጀምር" አለ ሊቀመንበሩ ቸኩሎ።

መካኒኩ ቀዩን በብረት መቆንጠጫው በሞርሳ አሲዞ ቆርቆሮውን ዙሪያውን በመጋዝ ቆረጠው። ውስጡ ያለው ወረቀት ስስ ነው። እጥፋቶቹ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተራርቀዋል፤ ጫፉን የያዘው ማስቲሽም በጣት ሲነካ ይላቀቃል። ማስቲሹ ከለቀቀ ናፍታው በወረቀቱ ማለፉ ቀርቶ በጎን ይሾልካል፤ ቆሻሻውም ተከትሎት ሞተር ውስጥ ይገባል። ዋስትና ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ዳኛውም የማታ ራቱ በዓይኑ ላይ ዞረበት።

"እንግዲህ ፍርዱን ይስጡን ክቡር ዳኛ" አለ ሊቀመንበሩ።

"ሁለተኛው ተከሳሽ ሳይከፈት?"

"ኦርጂናል ዕቃ ማበላሸት ነው እኮ።"

"ይከፈት።"

ሰማያዊውም ተቆረጠ። ያው ስስ ወረቀት፣ ያው የተራራቀ እጥፋት፣ ያው የማይዝ ማስቲሽ። መካኒኩ ቆርቆሮውን በጥፍሩ ፋቅ ቢያደርገው ከሰማያዊው ቀለም ሥር ቀይ ብቅ አለ።

"አስመጪው አታሎኝ ነው" አለ ሊቀመንበሩ።

"እኔ ይህን ሰውዬ በዓይኔም አይቼው አላውቅ" አለ ዋስትና ወደ ሊቀመንበሩ እየጠቆመ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ሱቆቻቸው በአንድ ግድግዳ የሚለዩ ጎረቤታሞች ነበሩ።

ዳኛው ሁለቱንም በተራ በተራ አያቸው። በዚያች ቅጽበት የሚስቱን ኩርፊያም የራሱንም ፍርሃት ረሳ። "አሁንም ፊልትሯችን ደህና ነው ትላላችሁ?"

"ዋስትና አለው ጋሼ።"

"ኦርጂናል ነው።"

"መልካም። የሊቀመንበሩ ጀልባ ባለሁለት ሞተር ነው። በአንዱ ቀዩ፣ በሌላው ሰማያዊው ይግባበትና ሁለታችሁም ሐይቁን ተሻገሩ። መቅዘፊያ አይያዝም።"

እምቢ ማለት ጥፋትን ማመን ሆነባቸው። በማግስቱ ጠዋት ጀልባ ያለውም የሌለውም ወደቡ ላይ ወጣ። የዳኛው ሚስት ከባሏ ራቅ ብላ ቆማለች። ዋስትና ጀልባው አፍንጫ ላይ ሆኖ ሠርግ እንደሚሄድ ሰው እጁን እያውለበለበ ሄደ።

መሃል ሊደርሱ ሲሉ አንዱ ሞተር አሳለው። ሌላው አዘነለትና አብሮት ሳለ። ሁለቱም ጠፉ። ነፋስ የሚባል የለም፤ ሐይቁ እንደ መስታወት ተኝቷል። በተኛ ውሃ ላይ ድምፅ እንዴት እንደሚሄድ የማያውቅ ባለጀልባ የለም፤ እነዚያ ሁለቱ ግን በንዴት ረሱት።

"ማስቲሹን በደንብ አድርግበት ብዬህ አልነበረም?" የሚለው የሊቀመንበሩ ድምፅ ወደቡ ድረስ ጥርት ብሎ መጣ።

"አንተ ቀለም መቀባት እንኳ አቅቶህ እኔን ትናገራለህ? በጥፍር ሲነካ የሚለቅ ቀለም።"

"ዳኛው አማቼ ነው፣ አይፈርድብንም ያልከኝስ?"

"በእህቴ ተማምኜ ነዋ። ያልኳትን ሁሉ ታምናለች። ደህና ሴት ናት፤ ትንሽ ጅል መሆኗ ነው እንጂ።"

ወደቡ ላይ ያለው ሕዝብ ሁሉ አንገቱን ወደ ሴትዮዋ አዞረ። እሷም ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ወደ ባሏ መጣች።

"የእኛ ጀልባ ላይ ያለው ፊልትሮ የማነው?"

"የወንድምሽ ነበር። ትናንት መካኒኩ በሌላ ደህና ፊልትሮ ቀየረልኝ።"

"ሳትነግረኝ?"

"መቼ ተነጋግረን?"

ልትስቅ ከጅሏት ተወችው። "ገመድ ያዝና ና" አለች።

ዳኛው ጀልባውን እየነዳ አጠገባቸው አደረሳት። ዋስትና ሲያያት ፊቱ በራ። "እህት ዓለም፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?"

"ትንሿ ጅል መጥታለች" አለች።

ዋስትና ገመዱን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

"ፊልትሮህ ምን ዓይነት ነው?" አለችው ገመዱን እጇ ላይ እየጠቀለለች።

"እ… ያን ያህል የሚረባ አይደለም።"

"ጮክ በል። ሰው ይስማ።"

"አይረባም" ብሎ ጮኸ። ሊቀመንበሩም ሳይጠየቅ "የእኔም አይረባም" ሲል ተቀበለው። ገመዱ የተወረወረላቸው ከዚያ በኋላ ነው። እየተጎተቱ ወደብ ሲገቡ እንደዚያ ቀን የተጨበጨበበት ጀልባ በዚያ ሐይቅ ላይ አልታየም።

ማኅበሩ በዚያው ሳምንት ሊቀመንበሩን ሽሮ በምትኩ የዳኛውን ሚስት መረጠ። ዳኛው እኔን ይመርጡኛል ብሎ አዲስ ከረባት አስሮ ስለመጣ ትንሽ ቅር አለው፤ ማታ ሳህኑ ሞልቶ ሲቀርብለት ግን ቅሬታው ለቀቀው። አዲሷ ሊቀመንበር ያወጣችው የመጀመሪያ ደንብ፣ ማንኛውም ፊልትሮ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ከመካከሉ አንዱ በሕዝብ ፊት ይቆረጥ የሚል ነው። መቁረጡን ለወንድሟ ሰጠችው። ዋስትና ማጭበርበሪያውን ሁሉ ስለሚያውቀው ብዙውን ጊዜ መጋዝ እንኳ አያስፈልገውም፤ ፊልትሮውን ጆሮው ላይ አድርጎ በጣቱ ኳ ኳ ያደርግና "ይሄ ፎርጅድ ነው፤ ይሄኛውን አስገቡት" ይላል። እስካሁን ተሳስቶ አያውቅም። ቢሆንም እህቱ ከጀርባው ቆማ፣ "ቁረጠው" ትለዋለች፤ እሱም እያጉረመረመ ይቆርጣል።