ባለቤትዎ አሉ?

ሰፈሩ «ችኩሌ» ይለው ነበር፤ ሲቸኩል ያየው ሰው ስላልነበረ። ላም ሲያልብ ከላሟ ጋር ወግ ይይዛል። እሱ አንዷን አልቦ ሳይጨርስ ሌላው ገበሬ በረቱን ጠርጎ ቁርሱን በልቶ ይወጣል። ሚስቱ ትስቅበታለች እንጂ አትቆጣውም።

ወረርሽኙ ሲገባ ትምህርት ቤቱም ሆቴሉም ተዘጋና የወተት ሰብሳቢው መኪና ቀረ። ላም ደግሞ ገበያ ጠፋ ብላ ወተቷን አትይዝም። ባልና ሚስቱ ያለቡትን ከበረቱ ጀርባ ቦይ ውስጥ ይደፉት ጀመር። ችኩሌ ባልዲውን ሲደፋ ፊቱን ያዞር ነበር።

አንድ ጠዋት ትኩሳት ያዘው። አምቡላንስ ሲወስደው እሷ በር ላይ ቀረች። «ላሞቹን አደራ» አላት፤ ሌላ ነገር ለመናገር ትንፋሽ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ያየችው ከሩቅ ነው፤ ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች ተሸክመውት መቃብር ሲገቡ። ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበር። ሰዎች ስልክ ደውለው «ያጽናሽ» ይሏታል፤ «እሺ» ብላ ትዘጋለች። «ሞተ» የምትለዋን ቃል ግን ከአፏ አውጥታት አታውቅም። የጠየቃት የለማ።

መኖ መግዣ ጠፍቶ የላሞቹ የጎድን አጥንት መታየት ሲጀምር መንግሥት ለገበሬዎች የወረርሽኝ ድጎማ ሊከፍል ነው ተባለ። ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደች። ገበሬው ሁሉ ግቢው ውስጥ በኖራ በተሰመሩ ክቦች ላይ ተራርቆ ቆሟል። ከፊቷ የነበረው በግ አርቢ የባሏ ጓደኛ ነው። ዞር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ ላሞቹ በእሱ ስም ነው የተመዘገቡት አይደል? አለ በይ። ካልሆነ የወራሽነት ማስረጃ አምጪ ይሉሻል፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ዝግ ነው።»

«መዋሸት እኮ ነው።»

«ማን ያጣራል? አሞት ተኝቷል በይ። ላሞቹ እኮ ፍርድ ቤት እስኪከፈት አይቆዩልሽም።»

ተራዋ ደረሰ። በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ላይ ከተሰቀለው ላስቲክ መጋረጃ ጀርባ ያለችው መዝጋቢ ቀና አለች።

«እናቴ፣ ባለቤትዎ አሉ?»

«አለ።»

«ራሳቸው ለምን አልመጡም?»

«አሞት ተኝቷል።»

«አይዞዎት። ምግብስ ይወስዳሉ?» ልጅቷ የጠየቀችው ከልቧ አዝና ነበር።

«ጠዋት ትንሽ ሾርባ ቀመሰልኝ። ትራስ ደግፌለት ቀና ብሏል። የላሞቹን ድምፅ ልስማ፣ መስኮቱን ክፈቺው ይለኛል…» ቃላቱ ሳትጠራቸው ይመጡ ጀመር። አልጋው ላይ ቁልጭ ብሎ ታያት። ደስ አላት፤ ነገሩን ማቋረጥ አልፈለገችም።

መዝጋቢዋ እስክሪብቶ አቀበለቻት። «እንግዲያው ስለ እሳቸው ይፈርሙ። ሲሻላቸው ብቅ ይበሉና እናያቸዋለን።»

«ሲሻለው…» አለች። እጇ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

«እናቴ?»

«የለም። ባሌ የለም።» ድምፏ ግቢውን ሞላው። «ሞቷል! ችኩሌዬ ሞቷል!»

በግ አርቢው ክቡ ውስጥ ዝርፍጥ ብሎ አለቀሰ። ከኋላ ያሉት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሄዶ ሊደግፋት የሚችል አልነበረም፤ ሁሉም በየቆመበት ነበር የሚያለቅሰው። እሷ መስኮቱን ተደግፋ እስኪወጣላት አለቀሰች። «ቀጣይ» ብሎ የተጣራም የለም።

ድጎማው ያን ቀን አልተፈቀደላትም። ፍርድ ቤቱ ሳይከፈት መኖው አለቀ፤ ላሞቹን ለነጋዴ ሸጠች። መኪና ላይ ሲጭኗቸው ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

ፍርድ ቤቱ ተከፍቶ የድጎማው ገንዘብ በስሟ የመጣው በዓመቱ ነው። በግ አርቢው ጊደር ትግዛ ብሎ ገበያ ይዟት ሄደ። ከጊደሮቹ መሃል ቆመች።

«የትኛዋ ትሁን?» አላት ሻጩ።

አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች። በትዳር ዘመኗ ሁሉ የሚመርጠው እሱ ነበር።

«እኔ ልምረጥልሽ?» አለ በግ አርቢው።

«ሌላ ጊዜ» አለችው።

ሌላ ጊዜም አልሄደችም።