ለአምብሮስ ያልነገርነው

አምብሮስ ቲንዳልን መጀመሪያ የሰማሁት በሰሜን እንግሊዝ ከሃሊፋክስ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ በቤተ ጸሎታችን ውስጥ ነው። ያኔ የሱፍ ፋብሪካው ሽመና ክፍል ውስጥ ማሽን ይጠግን ነበር። እኔ ደግሞ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃገረድ ነኝ፤ የመዘምራኑን ልምምድ በፒያኖ አጅባለሁ። የቴነሩን፣ ማለትም የቀጭኑን የወንድ ድምፅ፣ ብቸኛ ክፍል የሚዘምረው ሰውዬ ጉንፋን ይዞት ቀረና አምብሮስን ከኋላ ረድፍ ጠርተው አቆሙት። ሲጨርስ ወፍራሙን ድምፅ ከሚዘምሩት አንዱ ሽማግሌ፣ "ይሄን ድምፅ በማሽን ጩኸት ሲቀብሩት የከረሙት ምን ነክቷቸው ነው?" አለ።

በሦስተኛው ዓመት ፋብሪካውን ለቀቀ። ከመስከረም እስከ ፋሲካ ኦራቶሪዮ ይዘምራል፤ ሙሉ ኦርኬስትራና ሁለት መቶ መዘምራን ከኋላው ተደርድረው፣ እሱ ጥቁር ሱፉን ለብሶ ከፊት ይቆምና የመጽሐፍ ቅዱሱን ታሪክ ለሕዝቡ ያደርሳል። በበጋ ደግሞ እኔና እሱ ብቻችንን በየከተማው እየዞርን የግጥም ዜማዎችን እናቀርባለን። አንዴ የኦፔራ ሰዎች ጠርተውት እምቢ አለ። "ፊቴን ተቀባብቼ በሰይፍ ስወጋ ሂልዳ ብታየኝ በሳቅ ትሞትብኛለች" አለኝ። ሂልዳ ሚስቱ ናት። ደብዳቤዎቹን የምትጽፈው፣ የባቡሩን ሰዓት የምትይዘው፣ ሸሚዙን የምትተኩሰው እሷ ነበረች።

ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ጆሮው መድከም የጀመረው ስልሳ ሳይሞላው ነው። የሽመና ክፍል ሰው ሁሉ መጨረሻው ይኸው ነው፤ ግን የአምብሮስን ማንም አላወቀም። እዚያ ጩኸት ውስጥ የሠራ ሰው ከንፈር አይቶ ማውራት ይለምዳል። ስታናግረው ፊትህን ያያል፤ ትክክለኛውን መልስ ይመልሳል። እሱ ራሱም ቢሆን ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት የጀመረ ነበር የሚመስለው።

እኔ ያወቅሁት አንድ የሰኔ ምሽት መድረክ ላይ ነው። በዜማው መሃል ከቃናው ዝቅ አለ፤ በጣም ትንሽ ነው፣ ግን እሱ ዝቅ ብሎ አያውቅም። በቀኝ እጄ እሱ ሊዘምረው የሚገባውን ኖታ ጠንከር አድርጌ መታሁለት። ሰማውና ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንደዚያ አደርግ ጀመር።

በሳምንቱ ሂልዳ ቤቴ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመች።

"ዊኒ፣ አውቀሻል አይደል?"

"አውቄያለሁ።"

"እንዳትነግሪው። መዝሙሩን ከወሰድሽበት ምን ይቀረዋል?"

አልነገርኩትም። ሂልዳ ደግሞ ከትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች ግብዣ ሲመጣ "ቀኑ ተይዟል" እያለች ትመልሳለች፤ እኔ በፒያኖ የማጅበውን ብቻ ትቀበላለች። አምብሮስ አንዳንዴ፣ "ትልልቆቹ ረሱኝ መሰለኝ" ይላል። "አንተም እኮ አርጅተሃል" ትለዋለች ሂልዳ፣ እየሳቀች። እሱም ይስቃል።

በአራተኛው ዓመት አንድ የኦርኬስትራ መሪ ባቡር ጣቢያ አገኘውና ለስቅለት ዓርብ እንዲዘምርለት ጠየቀው። አምብሮስ እዚያው እሺ አለ። ቤት ገብቶ ሲነግራት ሂልዳ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች።

የስቅለት ዕለት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከሂልዳ ጎን ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያው ክፍል በደህና አለፈ። ከዚያ መሣሪያዎቹ ሁሉ ዝም ብለው ድምፁ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ደረሰ። ቀስ በቀስ ሲወርድ ይሰማኛል፤ እጄ ጭኔ ላይ ኖታውን ይመታል። ቫዮሊኖቹ ሲገቡ ከድምፁ ጋር አልተገናኙም። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ አንገቱን ሲሰብር አየሁ። አምብሮስ ምን እንደተፈጠረ አልገባውም፤ ዞር ብሎ ቫዮሊን ተጫዋቾቹን አያቸው። አንዷ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ በሹክሹክታ የምትለውን ከከንፈሯ አነበበ።

"ከቃናው ወርዷል።"

አላቋረጠም። የቀረውን እስከ መጨረሻው፣ ያቺን ሴት እያየ ዘመረ።

ከመድረኩ ጀርባ ስደርስ ተቀምጦ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"አራት ዓመት ሆነው።"

"ሂልዳስ?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

"አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ሁኔታ ሰው ፊት ስታቆሙኝ ነበር?"

"ማንም አላወቀም፣ አምብሮስ።"

"እኔም አላወቅኩም። እኔ ሰው አይደለሁም?"

ከዚያ በኋላ አልዘመረም። የቀሩትን ግብዣዎች ራሱ ጽፎ መለሰ። እኔን ቤቱ አላስገባኝም። ሂልዳን አልተጣላትም፤ ግን ስለ ዳቦና ስለ ከሰል ካልሆነ አያናግራትም። "ዊኒ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር" አለችኝ አንድ ቀን ገበያ ላይ። በሚቀጥለው ጥር ደረጃ ላይ ወድቃ በዚያው ቀረች።

በቀብሯ ዕለት ሰው ሻዩን ጠጥቶ ሲበተን አምብሮስ እጄን ያዘኝ። "አንቺ ቆይ" አለኝ። ከንፈሬን ለማየት እንዲመቸው መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠኝ።

"መጀመሪያውኑ ብትነግሩኝ ኖሮ አቆም ነበር?"

"በማግስቱ።"

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "እነዚያ አራት ዓመታት እንዴት ጥሩ ነበሩ።" አቀረቀረ። "ለሂልዳ ይሄንን ልነግራት ይገባ ነበር። አንድም ቀን አላልኳትም።"

ምንም ብመልስለት ከንፈሬን አያይም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረ። ሐሙስ ሐሙስ እየሄድኩ ዳማ እንጫወት ነበር። ሲያሸንፈኝ ያሾፍብኛል፤ ሲሸነፍ ደግሞ ብርሃኑ በቂ አይደለም ይላል። ስለ ዜማ ግን እሱም አያነሳም፣ እኔም አላነሳበትም።